በውሰት የኖረ አንገት

አንገቴ ሃያ ሁለት ዓመት በውሰት ኖሯል። ራሱ አንገቱ የእኔ ነው፤ እሱን የሰጠችኝ እናቴ ናት። በላዩ የሚያርፈው ወርቅ ግን የባለቤቴ ታላቅ እህት የእትዬ እልፍነሽ ነበር። የእኔ የጋብቻ ወርቅ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ተሽጦ፣ አሰላ መሃል ከተማ ያለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቃችን የቆርቆሮ ጣሪያ ሆኗል። ዝናቡ ሲወርድ ቀና ብዬ "ይኸው ሐብሌ ሲንኳኳ" እላለሁ። ባለቤቴም ከወዲያ ጥግ ባልዲውን እያስጠጋ "ጉትቻሽ ግን ያፈሳል" ይለኛል።

አገሩን የማያውቅ ሰው ወርቅ መዋዋስ ውርደት ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ድስት እንዋዋሳለን፣ አግዳሚ ወንበር እንዋዋሳለን፣ ለሽምግልና የሚላክ ሰው ከጎደለን አጎት እንዋዋሳለን። ወርቅ ከዚህ በምን ይለያል? የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድስት ያዋሰ ሰው ወጡ ሲቀርብ ተነሥቶ "ድስቱ የእኔ ነው" አይልም።

እትዬ እልፍነሽም እንደዚያ አይሉም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚሉት ሌላ ነው። ሰርጉ ሞቅ እስኪል፣ ጠረጴዛው እስኪሞላ፣ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው ወደ እኔ እስኪያይ ይጠብቁና ከወዲያ ማዶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ፣ ማሰሪያው ላላ ይላል፤ ተጠንቀቂልኝ" ይላሉ።

አለቀ። ሰው ሁሉ አንገቴን ያያል፣ እሳቸውን ያያል፣ ከዚያ ወደ ጉርሻው ይመለሳል። ዴራ ሰርግ ላይ ብለውታል፤ የቆላው ሙቀት ያቀላውን ፊቴን እንደገና አቅልተውታል። ሲሬ ላይ ብለውታል። አንድ ጊዜ ክርስትና ላይ፣ ቄሱ ማዕዱን ገና ሳይባርኩ ብለውታል። ማሰሪያው ደግሞ ላልቶ አያውቅም። ከሰርግ ስመለስ እሱን ለማውለቅ የባለቤቴ ጥርስ ያስፈልግ ነበር። እኔም የሰው አደራ ተሸክሜ ስለምሄድ፣ በሰርግ ሁሉ ላይ እንቁላል እንዳቀፈች ዶሮ አንድ ቦታ ተቀምጬ ነው የምመለሰው።

ዘንድሮ ልጄ ምሕረት ልታገባ ሆነ። ሙሽራው የኦጎልቾ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ገበሬ፣ ዘመዱ ብዙ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ቀን በተቆረጠ ማግስት እትዬ እልፍነሽ ቤቴ መጡ።

"አይዞሽ፣ ትልቁን ሐብል ነው የማውስሽ። የሙሽራ እናት ነሽ" አሉኝ።

ልባቸው መልካም ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እግዜርም ይታዘበኛል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የታየኝ ሐብሉ አልነበረም። የታየኝ ድንኳኑ፣ ሦስት ሚኒባስ ሙሉ የኦጎልቾ ሰው፣ ከዚያም ያቺ የማሰሪያ ነገር ናት። በሰው ሰርግ እችላታለሁ፤ በልጄ ሰርግ ግን አልችላትም። ይህን በሆዴ እያሰላሰልኩ ሳለሁ አፌ ቀደመኝ።

"አይ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንድሮስ የራሴን ገዝቻለሁ" አለ አፌ።

አልገዛሁም ነበር። በዚያ ሳምንት የገዛሁት ነገር ቢኖር ሁለት ኪሎ ቲማቲም ነው።

"ምን ዓይነት ገዛሽ?"

"በሰርጉ ያዩታል" አልኩ። ወርቅ እንኳን ዘንድሮ፣ ድሮም ከአቅሜ በላይ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ ከሱቄ አራት በር አልፎ ወደምትገኘው ዘይነባ ዘንድ መሮጥ ነው። የዘይነባ አባትና የእኔ አባት፣ አንዱ ከስልጤ አንዱ ከጉራጌ፣ ዕቃ በትከሻቸው ተሸክመው በአንድ ዘመን አሰላ የገቡ ነጋዴዎች ናቸው። እሷ አሁን ዶቃ፣ ብርና አርቴፊሻል ጌጥ ትሸጣለች። ጉዴን ዘርግፌ ነገርኳት።

"ወርቅ ያልሆነ፣ ግን እውነተኛ የሆነ ነገር ስጪኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሴ የሆነ" አልኳት።

ከባንኮኒው ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን አወጣች። ስትከፍተው ደነገጥኩ። በክር የተሰካ ነጭ ነገር ነው፤ ክብ አይደለም፣ ሞላላ አይደለም፣ ስም የሚወጣለት ቅርጽ የለውም። አንዱ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ነው፤ አንዱ ያበጠ ገብስ ነው፤ አንዱን ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም።

"ሉል ነው። እውነተኛ ሉል" አለች።

"ሉል ክብ አይደለም እንዴ?"

"ክቡ ብዙ ጊዜ የባሕሩ ነው። ይሄ ከወንዝና ከኩሬ ዛጎል ነው የሚወጣው፤ የሚያመጡልኝ ሰዎች ባሮክ ይሉታል። ዛጎሉ ውስጥ እንደፈለገው ነው የሚያድገው። ሁለት አንድ ዓይነት አታገኚም።"

"የተበላሸ ነው በይኛ።"

"ወላሂ አልተበላሸም። እስቲ በሩ ላይ ሄደሽ ብርሃን አሳዪው።"

ሄጄ ያዝኩት። ጉሙ ገና ከጭላሎ ተራራ ላይ አልተነሣም፤ ብርሃኑም ብርሃን ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። ያ ጎባጣ ነገር ግን ባዞርኩት ቁጥር አንዴ ሮዝ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ የወተት ቀለም ያሳየኝ ጀመር። ወርቅ ቢያዞሩት ያው ወርቅ ነው። እውነቱን ልናገርና ልቤ የሄደው እዚያች በር ላይ ነው።

ከዚያ ምርጫው መጣ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛ ሁለት እስክሪብቶ አንሥቶ ሲያወዳድር ሆዴ ያርራል። በደንበኞቼ ላይ የፈረድኩትን ሁሉ በዚያ ሰሞን ከፈልኩ፤ ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ረጅሙን ስሞክር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ባንኮኒውን ይጠርጋል። አጭሩ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ትልልቅ ፍሬ ያለውን ሳደርገው ዘይነባ ራሷ ዝም አለች፤ ነጋዴ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። የጆሮውማ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ስለሌለ ጥንድ ፍለጋ ሣጥኑን እንደ ምስር ለቀምኩት። በመጨረሻ ያገኘኋቸው ሁለቱ ጉትቻዎች ወንድማማች እንጂ መንታ አይደሉም። ለአንገቴ የመረጥኩት መካከለኛውን ነው፤ መሃሉ ላይ የሕፃን ጭብጥ እጅ የምትመስል አንዲት ጠማማ ሉል አለችው። እሷን ሳያት የማውቃት መሰለኝ።

"እሺ፣ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?" አልኩ።

"በጥርስሽ። የፊት ጥርስሽ ላይ ቀስ አድርገሽ አሺው። አርቴፊሻል ከሆነ ሙልጭ ይላል፤ እውነተኛ ከሆነ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል።"

ነገሩን በደንብ ላጣጥመው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘይነባም አጠገቤ ቆማ፣ እጄን ይዛ፣ "ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ ተሰማሽ?" ትለኛለች። "ተሰማኝ፣ ተሰማኝ" አልኩ አፌ እንደሞላ። ዓይኔን ስገልጥ እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል።

እማማ አስካለ የጽዋ ማኅበራችን ትልቅ እናት ናቸው። የመጡት የነጠላ መርፌ ቁልፍ ሊገዙ ነበር። መርፌ ቁልፉን ሳይገዙ ተመለሱ።

ሰኞ ዕለት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቄ ደርሶ ጠበቀኝ፤ ጨሌ አንሥታለች ተብያለሁ። ለአርሲ ሴቶች ጨሌ የአንገት ጌጥ ነው፤ ክብር ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው። ለእማማ አስካለ ግን ጨሌ ማለት ዛር ነው፣ ውቃቢ ነው፣ ከንስሐ አባት የሚደበቅ ነገር ነው። "ነጭ ጨሌ አፏ ውስጥ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ 'ተሰማኝ' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ" ብለዋል። ከተናገሩት አንድም ውሸት የለበትም፤ ያስቸገረኝም እሱ ነው።

ባለቤቴንም ለማማከር ሉሉን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተውና፣ "የማን ጥርስ ነው?" አለኝ። ከእሱ ምክር መፈለጌን በዚያው አቆምኩ።

ረቡዕ እማማ አስካለ ሦስት የማኅበር እናቶች አስከትለው፣ በጀሪካን ጸበል አስይዘው ሱቄ ገቡ።

"ልጄ፣ ሰው ልጁን ሲድር ሰይጣን ይቀናል" አሉኝ በሚያሳዝን ድምፅ። "አምጪውና እንጣለው።"

"እማማ፣ ሉል እኮ ነው።"

"ሉል ክብ ነው። ሥዕል ላይ አይቻለሁ። ይህ የተጣመመ ነው።"

"የእኔም የፊት ጥርስ የተጣመመ ነው እማማ።"

"እሱንም ጸልየንበታል" አሉ።

ረጩን። ሉሉን ረጩ፣ እኔን ረጩ፣ ባለቤቴን ረጩ፣ ለጥንቃቄ ብለው ፎቶ ኮፒ ማሽኑንም ረጩ። ማሽኑ እስከ ዛሬ በየወረቀቱ ጥግ ነጠብጣብ ያወጣል። ሉሉ ግን ዱሮም ከውሃ የወጣ ነውና ጭራሽ አበራ። እማማ አስካለ ይህንንም በጥሩ አልተረጎሙትም።

ሉል መግዛት አንድ ነገር፣ ማድረግ ሌላ ነገር መሆኑን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዘይነባ አስጠንቅቃኛለች፤ ቅቤ አይነካውም፣ ሽቶ አይነካውም፣ ሎሚ አይነካውም። ከልብስም ከቅባትም በኋላ መጨረሻ ላይ ይደረጋል፤ ሲወልቅ ግን መጀመሪያ እሱ ነው። ለሰርጉ ያሠራሁትን የአበሻ ቀሚስ ለብሼ ባደርገው፣ ደረቱ ላይ ያለው ሰፊ ጥልፍ ዋጠው። መዋጥ ብቻ አይደለም፤ ጎባጣው ሁሉ ክሩን እየያዘ አልለቅ አለና ምሕረት በመርፌ ፈልቅቃ ነው ያላቀቀችኝ። ቀሚሱን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩና የአንገቱን ጥልፍ ፍታልኝ አልኩት።

"ሰው ጥልፍ ያስጨምራል እንጂ ያስፈታል? ደግሞ የሙሽራ እናት" አለኝ። እያዘነ ፈታው። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረኝም፤ ሉሉ ካሳፈረኝ በልጄ ሰርግ ላይ የምታየው ሴት ባዶ አንገት፣ ባዶ ደረት ናት።

የሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሽንኩርት ስንልጥ እትዬ እልፍነሽ መጡ። "እስቲ የገዛሽውን አሳዪኝ" አሉ። እጄን ታጥቤ አመጣሁላቸው። በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ቆዩ። ሴቶቹም መላጡን ትተው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ይሄ ነው?"

"አዎ እትዬ።"

"አንቺ ልጅ፣ አንቺን አይደለም፤ ምሕረትን ነው የማስበው። የኦጎልቾ ሰዎች ነገ የእናትየዋን አንገት አይተው ነው ቤታችንን የሚመዝኑት። 'ጥርስ ደርድራ ተቀበለችን' ቢሉ ነገሩ የአንድ ቀን አይደለም፤ ልጅቷ ስትሰማው ትኖራለች።"

ከጉያቸው መሐረብ አውጥተው፣ ትልቁን የወርቅ ሐብል ከነመሐረቡ ጭኔ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ክፋት ቢኖርበት መልስ አላጣም ነበር። የቆረጠኝ ለልጄ ማሰባቸው ነው። ወደ ሽንኩርቴ ተመልሼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት ሰበብ ስለሚሆን ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አጋድሜ ቆምኩ። ወርቁ የልጄ ክብር ነው ብዬ አነሣዋለሁ፤ ያቺ የማሰሪያ ዓረፍተ ነገር ትመጣብኝና አስቀምጠዋለሁ። ሉሉን አነሣለሁ፤ ጥርስ ይሆንብኛል። ምሕረት አንድ ዓይኗ ብቻ ተውቦ ሌላው ገና ሳይነካ ብቅ አለች።

"እማዬ፣ የራስሽ የትኛው ነው?" አለችኝ።

ጠቆምኳት።

"እና ምን ትጠብቂያለሽ?" ብላ ወደ ሌላው ዓይኗ ተመለሰች። ሉሉን አደረግሁ።

የኦጎልቾ ሰዎች እየጨፈሩ ገቡ። የቆላ ሰው ስለሆኑ የአሰላ ንፋስ ከድንኳኑ በር ጀምሮ ጋቢያቸውን አስጠበቃቸው። ከፊት የሙሽራው አያት ናቸው፤ አኮ ጫልቱ ይሏቸዋል፤ አኮ አያት ማለት ነው። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፤ አንገታቸው ግን ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ጨሌ በጨሌ ሆኗል። ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይናቸው አንገቴ ላይ ቀረ። ጉንጬን ሊስሙ አዘንብለው ሳለ መሃል ላይ ቆሙ። በቀኝ በኩል እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ በግራ እማማ አስካለ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

አኮ መሃለኛዋን ጠማማ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ልክ እኔ ዘይነባ በር ላይ እንዳደረግሁት ወደ ብርሃን አዞሯት።

"ኩን ከን ኬቲ?" አሉኝ።

ይህ የአንቺ ነው ወይ ማለታቸው ነው። አሰላ ተወልጄ ኦሮምኛ የማልሰማ አይደለሁም። ዳሩ ግን ይህን ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም አስቀድሞ ከእትዬ ይሰማው ነበርና።

"ኤዬ አኮ፣ ከን ኮቲ" አልኩ። የእኔ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀርም፤ ከበሮ መቺው ዞሮ አየኝ።

"ባሬዳ" አሉ አኮ፤ ያምራል ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ወገኖቻቸው ዞረው፣ ለእኛም እንዲገባን በአማርኛ ጨመሩበት። "ማንም አላስተካከለውም። እንደ ተፈጠረው ነው።"

ይህን ብለው ከራሳቸው አንገት አንዱን ጨሌ አወለቁና ከሉሌ በላይ አጠለቁልኝ። የኦጎልቾ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እማማ አስካለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አኮ በዚህ አልበቃቸውም፤ እጄን ይዘው ወደ ጭፈራው ጎተቱኝ። እኛ ትከሻ እንሰብቃለን፤ አርሲ ግን ጭፈራው አንገት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰርግ ጨፍሬ አላውቅም፤ የሰው ወርቅ አንገቱ ላይ አድርጎ ማን ይጨፍራል? ያን ቀን ግን ማንንም የማልፈራበት አንገት ነበረኝ። ወዘወዝኩት። ነጠላዬ ወደቀ፣ ሻሼ ወደቀ፣ ባለቤቴ ወገቤን እንዳያመኝ ፈርቶ ሁለት ጊዜ በምልክት ከለከለኝ፤ እኔ ጭራሽ ባሰብኝ። በመሃል ክሩ ጧ አለ።

ከበሮው ቆመ። ሴቶች ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እኔም ሉሌ እንደ በቆሎ ሲበተን ታይቶኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ሉሉ ግን ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። "አትደንግጡ፣ በየፍሬው መካከል ቋጠሮ አለው" አለች ዘይነባ ከኋላ። የወደቀችው አንዲቷ ብቻ ናት፤ ያቺው መሃለኛዋ። ክብ ብትሆን ኖሮ ተንከባልላ አስፋልቱ ጋ ትደርስ ነበር። ጠማማ ስለሆነች ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገዳግዳ እትዬ እልፍነሽ እግር ሥር ቆመች።

ከኦጎልቾ ሰዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ አነሣትና ዙሪያውን አየ። "የማን ናት?" አለ።

የእትዬ አፍ ከልማዱ የተነሣ ተከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መላሿ እሳቸው ናቸው። ተከፍቶ ትንሽ ቆየ። እኔም እዚያው መሃል ሜዳ ላይ፣ ፀጉሬ ተበትኖ ጠበቅሁ።

"የእሷ ናት" አሉ። ቀጥለውም፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "የሙሽራዋ እናት ናት። የራሷ ነው" አሉ።

የዚያን ቀን ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ብዙ እንደበላሁ ግን ቀሚሱ ይመሰክራል።

ወርቃቸውን በማግስቱ ከነመሐረቡ መለስኩላቸው፤ ዘይነባም ክሩን ቀይራ መሃለኛዋን በቦታዋ ሰካችልኝ። ወር እንኳ ሳይሞላ እትዬ እልፍነሽ ሱቄ መጡና እስክሪብቶ ማየት ጀመሩ። እስክሪብቶ አይጠቀሙም። ሰማያዊውን አዩ፣ ቀዩን አዩ፣ ክዳኑን ከፍተው ዘጉ።

"የፊታችን እሑድ ሲሬ ሰርግ አለብን" አሉ በመጨረሻ። "ያቺን ጎባጣዋን…"

"ምን ችግር አለ እትዬ" አልኩ። ቅቤ እንዳይነካው፣ ሽቶ እንዳይነካው ነግሬ በዚያው መሐረብ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

እሑድ ሲሬ ላይ ሰው ሁሉ ከበባቸው። አንዷ "ከየት አገኙት?" ትላለች፤ አንዷ በጣቷ ትነካለች። እሳቸውም ፈገግ ብለው መልስ ሳይሰጡ ያልፋሉ። እኔ ከወዲያ ማዶ ተቀምጬ ጠረጴዛው እስኪሞላ ጠበቅሁ። ይቅር ልበላቸው ብዬም አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አንድ ጉርሻ ሙሉ አሰብኩበት። ከዚያ ተነሣሁና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"እትዬ፣ ማሰሪያው ላላ ይላል፤ ይጠንቀቁልኝ።"

ሰው ሁሉ አንገታቸውን አየ፣ እኔን አየ። እትዬ እልፍነሽ ጎርሰው ነበር። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህችን ቃል ስንት ዓመት ይዘሻት ኖርሽ?" አሉኝ።

"ሃያ ሁለት" አልኩ።

"በይ ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ" ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሄጄ ስቀመጥ እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄደ። ምንም አልነበረበትም። በሰርግ ላይ ባዶ አንገቴን ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከበሮው ሲጀመርም ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ።